ክለባችን ማንን ያስፈርም?

ለአዘጋጁ፦

የደብረ ብርሃን ክለብ ውል ከጨረሱ ተጫዋቾች መካከል አጥቂ እንዲያስፈርም የሚመክረውን ጽሑፋችሁን አንብቤዋለሁ። እኔ ግን ቅድሚያው ልምድ ላለው የመሀል ተከላካይ ነው እላለሁ። የሰሜን ሸዋ ልጆች መሮጥ አያቅታቸውም፤ ከኋላ ሆኖ የሚመራቸው ነው የሚያስፈልጋቸው።

ውሉን ለጨረሰ ተጫዋች ለቀድሞ ክለቡ የሚሰጥ የዝውውር ክፍያ ባይኖርም ደመወዝና የፊርማ ገንዘብ አለ። በስም ብቻ የሚመጣ ተጫዋች በጀት ይበላል፣ የአካባቢውን ወጣትም ቦታ ይይዛል። ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ደግሞ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከቆላ የመጣ ሰው አየሩን እስኪለምድ ሳምንታት ይፈጅበታል።

የፊፋ ደንብ ውሉ ሊያልቅ 6 ወር ወይም ከዚያ በታች የቀረውን ተጫዋች ለማስፈረም ይፈቅዳል። ክለቡ ድርድሩን ከወዲሁ ይጀምር። ውሉ የአንድ ዓመት ይሁን፤ ከክፍያውም ከፊሉ በተሰለፈባቸው ጨዋታዎች ልክ ይከፈል።

አንድ ደጋፊ፣ ከደብረ ብርሃን