ከቤት ሳይወጣ እንለየው

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ቆሻሻ ሲነሳ ሁላችንም ቶሎ የምንለው «ለምን በጊዜው አይነሳም?» ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከቤታችን ከመውጣቱ በፊት የሚሆነው ነው። የምግብ ትራፊ፣ ወረቀትና ጠርሙስ በአንድ ፌስታል ሲታጨቁ ሁሉም ይበላሻል። ቅባት የነካው ወረቀት ተመልሶ ወረቀት ለመሆን ይቸገራል። ትራፊውም አየር በማያገኝበት ክምር ውስጥ ሲበሰብስ ሚቴን የተባለ ጋዝ ያመነጫል፤ ይህ ጋዝ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የበረታ ነው። ትራፊው ለብቻው ቢቀመጥ እኮ ኮምፖስት፣ ማለትም የተፈጥሮ ማዳበሪያ፣ ይሆን ነበር! የአሉሚኒየም ጣሳማ በጣም ያስቆጫል። አቅልጦ እንደገና መሥራት ከማዕድኑ አዲስ ከማምረት ጋር ሲነጻጸር 95 በመቶ ገደማ ኃይል ይቆጥባል።

ፕላስቲክ ላይ ግን እውነቱን እንነጋገር። አብዛኛው በድጋሚ ሲሠራ ጥራቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የሚሻለው ከመጀመሪያው አለመግዛት፣ የተገዛውንም ደጋግሞ መጠቀም ነው።

ጎረቤታሞች ተነጋግረን አንድ መያዣ ለእርጥቡ፣ አንድ ለደረቁ ብናዘጋጅ ነገውኑ መጀመር እንችላለን። ቆሻሻ የሚሰበስቡትን ሠራተኞችም እናማክራቸው። የቱ ተፈላጊ እንደሆነ፣ የቱ ገዢ እንደሌለው ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ