ጣሳዋን የሰወረው ክበብ፦ የጤናና ንጽሕና ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ የጀመርነው በ34 አባላት ነው። ግማሾቹ ሚኒ ሚዲያ ቦታ አጥተው ወደ እኛ የመጡ መሆናቸውን አልደብቅም። እውነተኛ ሥራ ያገኘነው በኅዳር ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንድ ክፍል ብቻ ስምንት ተማሪዎች በተቅማጥ ቀሩ። ሁላችንም ሮቶውን ጠረጠርን፤ እኔም ጭምር።

ከጤና ጣቢያ የውሃ መመርመሪያ ጠርሙሶች ለመንን። ከአንጀት የሚወጡ ባክቴሪያዎች ውሃው ውስጥ ካሉ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያመነጫሉ፤ ጋዙ ጠርሙሱ ውስጥ ካለው የብረት ውህድ ጋር ሲገናኝ ውሃው ይጠቁራል። አንዱን ከቧንቧ፣ አንዱን ከሮቶ፣ ሦስተኛውን ተማሪው በጣሳ እየጠለቀ ከሚጠጣበት የክፍሉ በርሜል ቀዳን። በማግስቱ ሁለቱ ጥርት እንዳሉ ናቸው፤ የበርሜሉ ቡና መስሏል። በርሜሉ ግን የሚሞላው ከዚያው ሮቶ ነው! ጠርሙሱ በሽታውን ለይቶ አይናገርም፤ ዓይነ ምድር ውሃው ውስጥ መግባቱን ነው የሚጠቁመው። ከሽንት ቤት ወጥቶ ሳይታጠብ ጣሳዋን የሚነክር እጅ ካልሆነ ከየት ይመጣል?

በዚያው ሰሞን የዶክተር ጆን ስኖውን ታሪክ አጫወትኳቸው። በ1854 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ብሮድ ስትሪት አካባቢ ኮሌራ ከ600 በላይ ሰው ሲፈጅ፣ ስኖው ሟቾቹ ከየት ይቀዱ እንደነበር ቤት ለቤት ጠይቆ የፓምፑን እጀታ አስነቀለ። ወረርሽኙ ቀድሞም መብረድ ጀምሮ እንደነበር ነግሬአቸዋለሁ፤ ያንን ግን የሰማኝ የለም። ሰኞ ጠዋት ጣሳዋ ከነሰንሰለቷ የለችም። ማን እንደወሰዳት ስጠይቅ 34ቱም ወደ መሬት አዩ። ተማሪው ሁለት ቀን በእፍኙ ከቧንቧ ጠጣ፣ ወቀሳው እኔ ላይ ዘነበ፣ በሦስተኛው ቀን ርዕሰ መምህሩ ክዳንና ቧንቧ ያለው በርሜል አስገዙ።

በሳሙና ነገር ግን ተሸንፈን ነበር። ያስቀመጥነው ሁሉ በሳምንት አለቀ፤ በአሮጌ ካልሲ አድርገን ብንሰቅለው ካልሲውም አብሮ ሄደ። በመጨረሻ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ዱቄት ሳሙና በውሃ በጥብጣ ክዳኑ በሚስማር በተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ አመጣች። የበጠበጡትን ሳሙና ኪሱ የሚከት የለም። እስከ ሰኔ የጠፋብን ሦስት ጠርሙስ ብቻ ነው።