ለልጄ ፎቶ 30 እጥፍ ዙም ምን ያደርግልኛል?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንደምን ከረማችሁ። እኔ ቤቴ ደሴ ሆጤ ነው፤ ሥራዬ ግን ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት ሳይነጋ ሚኒባስ ይዤ ሐረጎን እወርዳለሁ፣ ማታ ሲመሽ ደግሞ በዚያው ዳገት እመለሳለሁ። የሕይወት ታሪኬን ልተርክላችሁ አይደለም። ሁለት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ አለችኝ፤ ከእሁድ በቀር እሷን የማያት በአምፖል ብርሃን ብቻ ነው። ፎቶ ላንሳት ካልኩም ያው በአምፖል ነው። ሰሞኑን ስለ ትንንሽ ካሜራዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሜጋፒክስልና ዙም፣ ዙምና ሜጋፒክስል። (አንዱ ፎቶው ስንት ሚሊዮን ነጥብ እንዳለው፣ ሌላው ሩቁን ምን ያህል እንደሚያቀርብ የሚናገሩ ቁጥሮች ናቸው።) ስለ ብርሃን አንዲት መስመር የለችም። እኔ በዚህ ነገር ገንዘብ አቃጥዬ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጂዳ የምትሠራ እህት አለችኝ። ልጄ ዳዴ ማለት ስትጀምር ደወለችና «ምን ልላክልህ?» አለችኝ። «ጥሩ ካሜራ» አልኳት። ጥፋቱ እዚህ ላይ የእኔ ነው። ጥሩ ካሜራ ማለት ምን ማለት ነው? እሷም እዚያ አንድ ሱቅ ገብታ ይህንኑ ተናገረች፣ ሻጩም ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበትን አንስቶ ሰጣት። 20 ሜጋፒክስል፣ 30 እጥፍ ዙም። በሰው እጅ መጣልኝ፣ ቡና ተፈላ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ካሜራው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

የዚያን ዕለት ማታ ልጄ ከረከቦቱ አጠገብ ትደንሳለች። አነሳሁ። ቀሚሷ በከፊል አለ፣ ጭንቅላቷ ግን ደመና ነው። ደግሜ አነሳሁ፣ እጇ አራት ሆነ። ባለቤቴ አየችና «ይህቺ ልጃችን ናት ወይስ ጂኒ ነው ያነሳኸው?» አለች። እየሳቅን ወደ ሃምሳ አካባቢ አነሳን፤ ደህና የወጡት ሁለት ናቸው፣ እነሱም አፏን ከፍታ ቴሌቪዥን ላይ ስታፈጥ ያነሳኋቸው ናቸው። እሁድ ጠዋት ደጅ ስወጣ ደግሞ ያው ካሜራ ጦሳ ተራራ ላይ የሚግጥ በግ ቆጥሮ የሚያሳይ ጉደኛ ሆኖ አገኘሁት። እኔ የማነሳው በግ የለኝም።

ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ቤት ያላቸው አንድ ጋሼ ዘንድ ወሰድኩት። እኒህ ሰው ከፊልም ዘመን ጀምሮ የስንቱን ጉርድ ፎቶ ያነሱ ናቸው። ካሜራውን አገላብጠው እንኳ ሳያዩ «ቤትህ ስንት ሻማ ነው?» አሉኝ። አንድ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ነው አልኳቸው። «ታዲያ ምን አይቶ ያንሳልህ?» ብለው የራሳቸውን ስቱዲዮ መብራቶች በጣታቸው አሳዩኝ። ከዚያ ተቀምጠው አስረዱኝ። ያስረዱኝን ነው፣ በኋላ ራሴ ሞክሬ ካየሁት ጋር ቀላቅዬ የምጽፍላችሁ።

ካሜራ ብርሃን ሲያንሰው ሻተሩን፣ ብርሃን የሚገባበትን መዝጊያ፣ ለረጅም ጊዜ ከፍቶ ይጠብቃል። የእኔው ስክሪኑ ላይ 1/8 ይል ነበር፤ የሰከንድ አንድ ስምንተኛ ማለት ነው። ለእኛ ዓይን ቅጽበት ነው፤ ሁለት ዓመት ለሆናት ልጅ ግን ዞራ ለመሮጥ ይበቃል። በቤት ውስጥ የምትጫወት ልጅ ጥርት ብላ እንድትወጣ ቢያንስ 1/125 ያስፈልጋል፤ አልጋ ላይ የምትዘል ከሆነማ 1/250። ስለዚህ ጥያቄው በሙሉ ከ1/8 ወደ 1/125 እንዴት ይደረሳል ነው። 16 እጥፍ ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ «እጅ ቢንቀጠቀጥም አያደበዝዝም» የሚል ጽሑፍ ነበረው፤ እሱን አምኜ ነበር። ያ የሚይዘው የአንሺውን እጅ ብቻ ነው። ጀበናውን ስታነሱ ይጠቅማል። ጀበናውን ልትገለብጥ የምትሮጠውን ልጅ ግን አያቆማትም።

አንደኛው መንገድ ሌንሱ ነው። ሌንስ ላይ ኤፍ የሚባል ቁጥር አለ፣ ሌንሱ የቱን ያህል እንደሚከፈት የሚናገር። ግራ የሚያጋባው ነገር፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። የእኔ ካሜራ ኤፍ 3.5 ነበር። ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ ከእሱ አራት እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። እዚህ ላይ ብቻ ከ1/8 ወደ 1/30 ተሻገርን።

ሁለተኛው ሴንሰሩ ነው፤ ድሮ ፊልሙ በነበረበት ቦታ ብርሃኑን የሚቀበለው ማለት ነው። ረጅም ዙም ያላቸው ትንንሽ ካሜራዎች ሴንሰራቸው አብዛኛውን ጊዜ 6 በ4.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። «1 ኢንች» የሚባለው ግን 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ነው። (1 ኢንች እንዳልሆነ ለክታችሁ ታውቁታላችሁ። ስሙ ከድሮ የቴሌቪዥን ካሜራ ቱቦ የወረደ የነጋዴ ስም ነው።) ርዝመቱ በወርዱ ሲባዛ ስፋቱ ከትንሹ አራት እጥፍ ገደማ ነው። ትርፉ ምንድነው? አይኤስኦ የሚባለውን፣ የብርሃን ማጉያውን፣ ከፍ ስታደርጉት ፎቶው ቶሎ አይበላሽም። ትንሹ ሴንሰር ከ400 በላይ ስትወስዱት ፊቷ ላይ ጤፍ የተበተነ ይመስላል። ትልቁ 1600ን በደንብ ይሸከማል። ከ400 ወደ 1600 ሌላ አራት እጥፍ ነው። አራት በአራት 16፣ 1/125 ደረስን። ሜጋፒክስሉ በዚህ ሂሳብ ውስጥ የትም አልገባም።

«ፍላሽ አለ አይደል?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አለ። ሞክሩት። ፊቷ ዱቄት የተነፋበት ይሆናል፣ ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ጨለማ ይሆናል፣ ዓይኗ ይቀላል። የእኔዋ ከሁለት ቀን በኋላ ካሜራውን ስታይ እናቷ ሻርፕ ስር መግባት ጀመረች። ፍላሽ የሚያምረው ወደ ኮርኒስ ተተኩሶ ተመልሶ ሲወርድ ነው። ኮርኒሱ ነጭ ከሆነ ማለቴ ነው፤ እኛ ቤት ግድግዳው አረንጓዴ ስለሆነ ወደ ጎን ስተኩስ ልጄ ያልበሰለ ሎሚ መሰለችኝ።

በመጨረሻ ያንን ካሜራ ኳስ ለሚወድ ወንድሜ ሰጠሁት። ለእሱ ሆነለት፤ ሜዳው ሰፊ፣ ፀሐዩ ሙሉ ነው። ለእህቴ ደግሞ በዚህ ጊዜ «ጥሩ» የሚል ቃል ሳልጠቀም በጽሑፍ ላክሁላት። 1 ኢንች ሴንሰር፣ ኤፍ 1.8፣ ያገለገለም ቢሆን ይሁን። የመጀመሪያውን ሶኒ አርኤክስ 100 አገኘችልኝ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣውን። ዕቃው ከሲጋራ ፓኬት ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ካቦርት ኪስ ይገባል። የዛሬ ካሜራ ጎን ሲቀመጥ ሽማግሌ ነው፤ ለእኔ ሳሎን ግን ጎበዝ ነው። ባትሪው እዚያው ካሜራው ውስጥ እያለ በድሮው ቀጭን የስልክ ገመድ ስለሚሞላ፣ መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክ እሞላዋለሁ። ይህ ለደሴ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። የፍላሿ ቁራጭ ከላይ ብቅ ትላለች፣ በጣት ወደ ኋላ ሳብ ስትደረግ ወደ ኮርኒስ ትዞራለች። አሁን እናቷ ሻርፕ ስር መደበቅ ቀርቷል።

እንከን የለውም አልልም። ኤፍ 1.8 የሚሰጠው ሳይጠጋ፣ ሰፋ አድርጎ ሲያይ ብቻ ነው። ዙሙን እስከ መጨረሻው ስትስቡት ኤፍ 4.9 ይሆናል፣ ብርሃኑ በሰባት እጥፍ ይቀንሳል፣ ልጅቷም እንደገና ጂኒ ትሆናለች። ስለዚህ ዙም አልነካም። ምንጣፉ ላይ እንበረከክና ራሴ እጠጋታለሁ። ደግሞ ከቁመቷ ጋር ሲተካከሉ ነው ፊቷ የሚያምረው፤ ቆሞ ከላይ የሚያነሳ ሰው የሚያገኘው አናቷን ነው። ዙም ይዘው ብርሃን እንዳይጎድልባቸው የሚፈልጉ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጡትን ሦስተኛውን አርኤክስ 100 ወይም ካኖን ጂ7 ኤክስን ይጠይቁ። ሁለቱም 1 ኢንች ናቸው፣ ዙማቸው እስከ ጫፍ ሲሳብም ኤፍ 2.8 ላይ ይቆማሉ። የፓናሶኒክ ኤልኤክስ 7 ሌንስ ኤፍ 1.4 ነው፤ እሱን ያየ ሰው ይጓጓል፣ ግን ሴንሰሩ ከ1 ኢንች በደንብ ያንሳል፣ በአንድ እጅ የሰጠውን በሌላው ይወስዳል።

ካሜራው ትኩረት እስኪይዝ የሚያባክነውም ጊዜ አለ። መጫኛውን ግማሽ ድረስ ተጭኖ መጠበቅ፣ ፈገግ ስትል ሙሉውን መጫን። ይህን ለመልመድ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ከዚያ በፊት ያነሳሁት ሁሉ ጀርባዋን ነበር።

አምፖሉንም አትርሱት። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ርካሽ ኤልኢዲ በየምልልሱ ሁለቴ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል፤ 1/500 ላይ ስታነሱ በስልክና በአንዳንድ ካሜራ ፎቶው ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ሊጋደም ይችላል። 1/100 አካባቢ ሲሆን ይጠፋል። እኔ በበኩሌ ከሁሉ ርካሹን መፍትሔ ያገኘሁት አምፖል ሻጭ ዘንድ ነው። አንድ አምፖል ሁለት አደረግኩ። ብርሃኑ እጥፍ ሆነ፣ ባለቤቴም ምስር ለመልቀም ተመቻት።

የሥራ ባልደረባዬ ስልክ ይበቃል ይለኛል። በቀን ይበቃል፣ አልከራከርም። ማታ ግን ስልኩ «የሌሊት» ወደሚለው ሲገባ ሰከንዶች ሙሉ ብዙ ፎቶ እያነሳ ይደራርባል፤ ያኔ ዝም በል ማለት የሚቻለው ለሶፋ ነው። ልጅህ ተኝታ ከሆነ ስልክህ ይበቃል አልኩት። የእኔ ስመጣ አትተኛም፣ ይመስገን።

እሁድ ሌላ ነው። ክረምት ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ደጃችን ሲደርስ ብርሃኑ በወንፊት የተነፋ ይመስላል፣ ጥላ የለውም። በሩን ከፍቼ ደፉ ላይ አስቀምጣታለሁ፣ ፊቷን ወደ ውጭ። ብርዱ ካልሆነ በቀር ያኔ ማንኛውም ካሜራ ያነሳል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ያገለገለ ለሚገዛ። ሌንሱ ሲወጣና ሲገባ ድምፁን ስሙ፣ ከተንገጫገጨ ይቅርባችሁ። ነጭ ግድግዳ አንሱና አጉልታችሁ እዩ፤ ጥቁር ነጥብ ካለ ውስጡ አቧራ ገብቷል፣ እነዚህ ትንንሾቹ ደግሞ ሌንሳቸው ተፈቶ አይጠረግም። መለዋወጫ ባትሪ አብሮ ቢመጣ አትጥሉት።

አዘጋጅ ሆይ፣ እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ስለ ካሜራ ስትጽፉ ኤፍ ቁጥሩንና የሴንሰሩን መጠን ከስሙ ቀጥሎ አስቀምጡልን፣ ዙሙን መጨረሻ ላይ። ወሎ ውስጥ ዐረብ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ ሁሉም ዘንድ አንድ ቀን «ምን ልላክ?» የሚል ስልክ ይደወላል፣ ያኔ ሰው የሚናገረው ጋዜጣ ላይ ያነበበውን ነው።

ፎቶዋን አብሬ ልልክላችሁ አስቤ ነበር። ከረከቦቱ አጠገብ እየደነሰች ነው፣ ጭንቅላቷም አለ። እናቷ ግን ልጄን ጋዜጣ ላይ አታውጣብኝ ብላለች።

አንባቢያችሁ
ከደሴ፣ ሆጤ