ለኮምቦልቻው መልስ ከመምጣትሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ደኅና ነን፤ ጦሳ ግን ጉሙን ለብሶ ይውላል፣ የደሴ ብርድ ዘንድሮ አይጣል ነው። የአክስትሽ ልጅ መልስ ላይ ኮምቦልቻ መጥተሽ ቤሊ ዳንስ እንደምታሳዪ ስትነግሪኝ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የልቤን ሳልነግርሽ ቀረሁ። ስለዚህ ልጻፍልሽ።

አስቀድሜ፣ ደስ ብሎኛል። አዳራሽ ሙሉ ዘመድ ፊት ወጥታ የምትጨፍር ልጅ ስላለችኝ ኮርቻለሁ። ሰው ምን ይላል የሚለውን ለእኔ ተዪው፤ አክስትሽንም አነጋግሬያታለሁ።

እኔን ያሳሰበኝ ሙዚቃው ነው። በፍላሽ ይዤ እመጣለሁ፣ ዲጄው ይከፍትልኛል አልሽኝ። እባክሽ ልጄ፣ ይሄን አታድርጊ። ከበሮ የሚመታ ሰው አጠገብሽ ይኑር። የላክሽልኝን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። መጨረሻው ላይ ሌላው መሣሪያ ሁሉ ዝም ብሎ ዳርቡካው፣ ያ በጣት የሚመቱት የዓረቦቹ ከበሮ፣ ብቻውን ሲቀር፣ ሴትዮዋ ለእያንዳንዱ ምት በዳሌዋ መልስ ትሰጣለች። መቺው ዓይኑን ከዳሌዋ አይነቅልም፣ እሷም ጆሮዋን ከእጁ አታነሳም። ቆም ስትል ይቆምላታል፤ ሕዝቡ ሲያብድ ያንኑ ይደግምላታል። ፍላሽ ይህን አያውቅም። እልልታው ቀልጦ አንዴ ልድገምላቸው ብትዪ ዘፈኑ ጥሎሽ ይሄዳል። መብራት የሄደ እንደሆነ ደግሞ መሃል አዳራሽ ቆመሽ መቅረትሽ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ጭብጨባው። የግብፆቹ መቅሱም የሚባለው ምት በአራት የሚቆጠር ነው፤ ዱም ተክ፣ ተክ ዱም፣ ተክ ይላል፤ ዱም ወፍራሙ፣ ተክ ቀጭኑ ድምፅ ነው። የእኛ ሰው እጅ የለመደው ጭክጭካን ነው፣ እሱ ደግሞ በስድስት ነው የሚሄደው። ሰዉ አንቺን የሚያግዝ መስሎት በራሱ ምት ሲያጨበጭብ ከሙዚቃሽ ጎትቶ ያወጣሻል። ኪነት ላይ ሳለን የሌላ ብሔረሰብ ጨዋታ ስናሳይ ይሄው ይገጥመን ነበር፤ የሚያድነን ከበሮ መቺው ነው። ለሕዝቡ መጀመሪያ ምቱን ብቻውን ያሰማዋል፣ እጃቸው እስኪገባላቸው ይጠብቃል፣ ጨፋሪዋ የምትወጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንቺም እንደዚያው አድርጊ። እስኪለምዱት ድረስ ከመጋረጃ ጀርባ ቆዪ።

ሰውም አግኝቼልሻለሁ። አብሮኝ በቀበሌ ኪነት ይመታ የነበረው፣ ሸዋ በር የሚኖረው፣ ታውቂዋለሽ። ቪዲዮውን አሳየሁት። የእኛ ከበሮ ሁለት አፍ ያለው መሆኑ በጀን፤ ዱሙን በሰፊው፣ ተኩን በጠባቡ አድርጎ እዚሁ ቡና ላይ ያዘው። የዳርቡካን ያህል ቀጭን አይደለም፣ ግን ሆድ ድረስ ይገባል።

መሃል ላይ ደግሞ ምቱ ቆሞ ዑድ የሚሉት ባለ ክሩ ወይም ነይ የሚሉት ዋሽንት ብቻውን የሚያንጎራጉርበት፣ ተቅሲም የሚሉት ክፍል አለ። እዚያ ቦታ ማሲንቆ አስገቢ። የወሎዎቹን ቅኝቶች፣ ባቲን ወይም አምባሰልን፣ በቀስታ ይጫወትልሽ። ያ አዳራሽ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ሁሉ በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ የሰማው ዜማ ነው። አንቺ ያወቅሽውን ክንድና ዳሌ በዚያ ላይ በዝግታ ስታሳዪ የዓረብ ጭፈራ ነው ብሎ የሚርቅሽ አይኖርም። ለእኔ ከሁሉ በላይ የሚያጓጓኝ ይሄ ክፍል ነው።

ስለ ባድያ መሳብኒ የነገርሽኝ ከአእምሮዬ አልወጣም። እንደ ፈረንጆቹ በ1926 ካይሮ ውስጥ የሙዚቃ ቤት ከፍታ፣ ስመ ጥሮቹ ጨፋሪዎች እነ ታሂያ ካርዮካና ሳሚያ ጋማል ከእሷ ቤት ወጡ አልሽኝ። በሠርግ ግቢና በጠባብ ክፍል የነበረው ጭፈራ መድረክ ሲያገኝ እጁ ከፍ አለ፣ እግሩም ቦታ እየለቀቀ መራመድ ጀመረ። እኛም ያየነው ይህንኑ ነው። እነ ማሪቱ ለገሰና ዚነት ሙሐባ የነበሩበት ላሊበላ ኪነት የወሎን የሠርግ ጨዋታ መድረክ ላይ ሲያወጣው፣ ክብ ሠርቶ ይጨፍር የነበረው ሰው ተፈትቶ ፊቱን ወደ ተመልካች አዞረ። አንቺ የምትጨፍሪበት አዳራሽ ግን መድረክ የለውም፤ ሰው በሦስት በኩል ይከብሻል። ስለዚህ ቪዲዮው ላይ እንዳለችው ወደ አንድ ወገን ብቻ አትመልከቺ። ዙሪ። መጀመሪያ ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ሂጂ፣ ዓይናቸውን እያየሽ ፈገግ በዪላቸው። እልልታ የሚነሳው ከእነሱ ነው፤ እነሱ ከተቀበሉሽ ወንዱ ይከተላል።

ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ቄጠማም ይነሰነስበታል። እርጥብ ቄጠማ ላይ በባዶ እግር መሽከርከር ለአጥንት አይበጅም፤ የምትጨፍሪበትን ቦታ ቀድመው እንዲጠርጉልሽ እነግራቸዋለሁ።

ስለ ልብሱ ብዙ አልልም። ግብፅ ውስጥ ራሱ ጨፋሪ ሆዷን ቢያንስ በስስ መረብ እንድትሸፍን ሕጉ ያስገድዳታል፤ በለዲ የሚሉትን የአገር ቤት ጭፈራ ሲጨፍሩም እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ቀሚስ ለብሰው ዳሌያቸው ላይ ሻሽ ያስራሉ። ያንን ረጅሙን አድርጊ፣ አያትሽ ከፊት ነው የምትቀመጠው። ጨርቁ ስስ ይሁን፤ ሐረጎን ወርደሽ ስትጨርሺ የኮምቦልቻ ሙቀት ነው የሚቀበልሽ።

ብር ይዞ የሚመጣ ይኖራል። አዝማሪ ግንባር ላይ መለጠፍ የለመደ ሰው ነው፣ በክፋት አይደለም። ግንባርሽን ስጪው፣ አመስግኚው። እጁ ወደ ወገብሽ ከወረደ ግን እየተሽከረከርሽ ራቂና ከበሮ መቺውን በእጅሽ አሳዪው፤ ሽልማቱን እዚያ ይወስደዋል። ፊትሽ ግን አይጥቆር።

አንድ የታዘብኩትን ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ። ዳሌሽ ሲሠራ ትከሻሽ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ያደግሽበት እስክስታ ነው፣ ከደምሽ አይወጣም። ቤሊ ዳንስ ላይ ግን ትከሻ ዝም ካላለ የዳሌው ሥራ አይታይም። ጉልበትሽን ላላ አድርገሽ ክብደትሽን በአንድ እግር ላይ ጣይ፣ ከመስታወት ፊት ትከሻሽን ብቻ እያየሽ ተለማመጂ። መጨረሻ ላይ ሁሉንም ከጨረስሽ በኋላ ከበሮው ወደ ጭክጭካ ሲዞር ያን ጊዜ ትከሻሽን ልቀቂው፤ እኔም ተነስቼ እገባለሁ።

አብሽሪ ሆዴ። ሙሉውን ቪዲዮ በቴሌግራም ላኪልኝ፣ ከበሮ መቺው ጠይቆኛል። ማሲንቆ የሚጫወተውንም እሱ ያመጣዋል፤ ዋጋውን ከአክስትሽ ጋር ተነጋግረናል። ከመልሱ ጥቂት ቀን ቀደም ብለሽ ደሴ ግቢ፤ ጥናቱን እዚሁ ቤት እናደርገዋለን፣ የሳሎኑን ዕቃ አወጣልሻለሁ።

እናትሽ
ደሴ