ደብዳቤ ለልጄ፦ ሳታጸጂ አትጀምሪ

ውድ ልጄ፣

ነገ ትሄጃለሽ። እናትሽ ልብስሽን እያጣጠፈች ነው፤ እኔ ደግሞ ይህን ጽፌ ሻንጣሽ ውስጥ ልከተው ነው። ፊት ለፊት ልነግርሽ ሁለት ቀን ሞከርኩ። አልወጣልኝም።

ከደብዳቤው ሥር ካልኩሌተር አለ። የብድርና የወለድ ሒሳብ የሚሠራው ቢኤ 2 ፕላስ ነው፤ የተማርሽበት ዓይነት። ባትሪውን ገና አታውጪው። ቁልፎቹንም አትነካኪ። መጀመሪያ ይህን አንብበሽ ጨርሺ።

ወንድምሽ ነግሮኛል። አትቆጪው፣ ጨንቆት ነው። ለልምምድ በወጣሽበት ቢሮ አንዲት ደንበኛ 10,000 በዓመት 8 በመቶ ለ10 ዓመት ቢቀመጥ ስንት እንደሚሆን ጠየቀችሽ። 10,687 አልሻት። ሴትየዋ "10 ዓመት ጠብቄ ለዚህች?" ብላ ተነስታ ሄደች። ትክክለኛው 21,589 ነበር። አለቃሽ ሲጠይቅሽ "ማሽኑ ተበላሽቶ ነው" አልሽ። ማታ ደግሞ አለቀስሽ።

ማሽኑ አልተበላሸም ልጄ። ከሷ በፊት ለሌላ ሰው በየወሩ የሚከፈል ብድር ሠርተሽ ነበር። ፒ ዋይ የሚባለው፣ በዓመት ስንት ክፍያ እንዳለ የሚነገርበት ቦታ፣ 12 ላይ እንዳለ ቀረ። ስለዚህ 8ቱን በመቶ ለ12 አካፈለው፤ 10 ዓመቱንም 10 ወር አድርጎ ቆጠረው። የታዘዘውን ነው የሠራው። ትእዛዙ ግን የቀድሞው ሰው ነበር።

ሳታጸጂ አትጀምሪ። ይህን በጥብቅ እነግርሻለሁ፤ ደጋግሜም እነግርሻለሁ።

ለምን እንዲህ እንደማከርር አታውቂም። እናትሽ ታውቃለች። አንቺ አሁን ልታውቂ ነው።

ትንሽ ልጅ ሳለሽ ሥራዬን ለማስፋት 100,000 ልበደር ነበር። ያበዳሪው ሰው በቃሉ 12 በመቶ አለኝ፤ 5 ዓመት፣ በየወሩ 2,666.67። ከጓደኛዬ የተዋስኩት ኤችፒ 12ሲ የሚባል ካልኩሌተር ቤት ነበር። ይህ ማሽን በ1981 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣ ነው፤ እስከ ዛሬም ይሸጣል። የእኩል ይሆናል ምልክት የለውም። ቁጥሮቹን ቀድመሽ ትሰጪዋለሽ፣ መደመሩን ወይም ማባዛቱን በመጨረሻ ትነግሪዋለሽ። ያኔ እሱን የሚችል ሰው በመሆኔ ደስ ይለኝ ነበር።

ከመፈረሜ በፊት በነበረው ማታ በዚያ ማሽን ያንቺን ነገር ስሠራ ነበር። ለትምህርትሽ 40,000 ለማድረስ በየወሩ ስንት ማስቀመጥ እንዳለብኝ። ኤፍቪ ላይ፣ ማለትም መጨረሻ ላይ የሚገኘው ገንዘብ በሚገባበት ቦታ፣ 40,000 አስገባሁ። መልሱን በወረቀት ጻፍኩ። አንቺ ተኝተሽ ነበር። ማሽኑን አጥፍቼ እኔም ተኛሁ።

ሲጠፋ ሁሉም የሚጠፋ ይመስለኝ ነበር። አይጠፋም። ጠፍቶም ያለውን ይዞ ነው የሚቆየው። የሰጠሁሽም እንደዚያው ነው።

በማግስቱ ያበዳሪው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጬ አበራሁት። 60 ወር አስገባሁ። የምቀበለውን 100,000 አስገባሁ። የምከፍለውን 2,666.67 ከነኔጌቲቭ ምልክቱ አስገባሁ። ወለዱን ጠየቅኩት። 0.89 አለኝ። ይህ የወር ነው። በ12 ሲባዛ 10.7 በመቶ ይመጣል። ከተባለው 12 እንኳን ያነሰ! ለእናትሽ ዞር ብዬ "ጥሩ ሰዎች ናቸው" አልኳት። ፈረምኩ። እሷም በእኔ እምነት ፈረመች።

ኤፍቪን አልነካሁትም ነበር። 40,000ው እዚያው ተቀምጧል። ማሽኑ 100,000 ተቀብዬ፣ ለ60 ወር ከፍዬ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ 40,000 ተመልሶ የሚሰጠኝ መስሎት ነው ያሰላው። እንዲህ ያለ ብድር ርካሽ ነው። እኔ የፈረምኩት ግን ያንን አልነበረም።

ከ2 ዓመት በኋላ ማሽኑን እንደገና ተዋስኩ። አጸዳሁትና እነዚያኑ ቁጥሮች አስገባሁ። 1.69 አለኝ። በ12 ሲባዛ 20.3 በመቶ። ተበላሽቷል ብዬ ለጓደኛዬ መለስኩለት። እሱ ብዙ አላወራም። "ያኔ ኤፍቪ ላይ ምን ነበር?" ብቻ አለኝ። ቆሜ ቀረሁ።

ያንቺ 40,000 ነበር።

ሰውየው የነገረኝ 12 በመቶ ፍላት የሚባለው ነው። ወለዱ እስከ መጨረሻው በመጀመሪያው 100,000 ላይ ይታሰባል፤ የከፈልሽው አይቀነስም። በዓመት 12,000፣ በ5 ዓመት 60,000። ጠቅላላ 160,000፣ ለ60 ሲካፈል 2,666.67። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ቢታሰብ ግን ክፍያው በወር 2,224.44 ነበር፤ ጠቅላላው ወደ 133,467። ልዩነቱ ከ26,500 ይበልጣል። ሁለቱም "12 በመቶ" ይባላሉ። አንድ ስም፣ ሁለት ዕዳ።

ያለ ማሽንም ማወቅ ይቻል ነበር። በየወሩ ዋናውን እየመለስሽ ስለምትሄጂ በአማካይ እጅሽ ላይ የሚቆየው የብድሩ ግማሽ ገደማ ነው። በግማሹ ገንዘብ እየሠራሽ በሙሉው ላይ ወለድ ትከፍያለሽ። ስለዚህ ፍላት ሲሉሽ እውነተኛው ወደ እጥፉ ይጠጋል ብለሽ ጀምሪ። ከዚያ አስዪው።

ትምህርትሽን አንድ ዓመት ያዘገየነው ለዚህ ነው። "ገና ትንሽ ናት፣ ትረፍ" ያልነው ውሸት ነበር። ጓደኞችሽ ሲቀድሙሽ በር ላይ ቆመሽ ታዪያቸው ነበር። የተቆጠበው ገንዘብ ወደ ዕዳው ሄዶ ነበር። እናትሽ አንድ ቀን እንኳን አላነሳችብኝም። እኔ ግን እስከ ዛሬ አነሳዋለሁ። ይቅር በይኝ።

እንግዲህ አሁን አንቺ ከጠረጴዛው ማዶ ልትቀመጪ ነው። ፊት ለፊትሽ እንደኔ ያለ ሰው ይመጣል። አንቺ የምትነግሪውን ቁጥር ይዞ ቤቱ ይሄዳል። ማታ ለሚስቱ ይነግራታል። ስለዚህ ሳታጸጂ አትጀምሪ።

አሁን በደንብ ስሚኝ። ማጽዳት አንድ ቁልፍ አይደለም። ሲኢ ሲ የምትለዋ ቁልፍ ስክሪኑን ብቻ ነው ዜሮ የምታደርገው፤ ከሥር ያለው አለ። ለብድርና ለቁጠባ 2ኛ የምትለዋን ቁልፍ፣ ቀጥሎ ኤፍቪን ተጫኚ። የጊዜው፣ የወለዱ፣ የመነሻው ገንዘብ፣ የክፍያውና የመጨረሻው ገንዘብ ቦታዎች አምስቱም ዜሮ ይሆናሉ። ያም ቢሆን ፒ ዋይን አይነካም! አንቺን የጣለሽ እሱ ነው። 2ኛ፣ ከዚያ የወለዱን ቁልፍ አይ ዋይን ተጭነሽ በዓይንሽ እዪው። ለየወሩ 12፣ ለየዓመቱ 1። ክፍያው በወሩ መጀመሪያ ነው ወይስ መጨረሻ የሚለውም አይጸዳም። ስክሪኑ አናት ላይ ቢጂኤን የሚል ትንሽ ጽሑፍ ካለ መጀመሪያ ላይ ነው። ምንም ካልተጻፈ መጨረሻ ላይ ነው። በዚያ 12 በመቶ ብድር ላይ ይህቺ ትንሽ ጽሑፍ ክፍያውን ከ2,224.44 ወደ 2,202.42 ታወርደዋለች። 22 ብቻ ስለሆነ ዓይን አይገባም። የሚያስፈራኝ እንዲህ ያለው ነው። ትልቅ ስህተት ራሱን ያጋልጣል፤ ትንሿ ውል ውስጥ ገብታ ትቀመጣለች።

ኢንቨስትመንት ሲመጣ ደግሞ ሲኤፍ ውስጥ፣ በየዓመቱ የሚወጣውና የሚገባው ገንዘብ በሚጻፍበት ቦታ፣ ትገቢያለሽ። እሱ የራሱ ማህደር አለው። የቀድሞው ደንበኛ ፕሮጀክት 7 ዓመት ኖሮት የአሁኑ 4 ዓመት ከሆነ፣ 4ቱን ብትጽፊባቸው የቀሩት 3 ዓመታት እዚያው ናቸው። አይአርአር፣ ማለትም ፕሮጀክቱ በዓመት ስንት በመቶ እንደሚያስገኝ፣ ስትጠይቂ እነሱንም ደምሮ ይነግርሻል፤ ያማረ ቁጥርም ይሆናል። ሲኤፍ ውስጥ ሆነሽ 2ኛ፣ ከዚያ ሲኢ ሲ። የስታቲስቲክሱም ዳታ እንደዚሁ ለብቻው ነው የሚጸዳው። ሦስት ክፍል ያለው ቤት ነው፤ አንዱን ጠርገሽ ጸዳ አትበዪ።

አይአርአር ካነሳሁ አይቀር፣ ገንዘቡ አንዴ ወጥቶ ከዚያ የሚገባ ብቻ ከሆነ መልሱን ያዢው። መሃል ላይ እንደገና የሚወጣ ካለ ግን ከአንድ በላይ መልስ ሊኖር ይችላል፤ ማሽኑ የሚያሳይሽ አንዱን ነው። እንዲህ ሲሆን ኤንፒቪን፣ ማለትም የሚገባውና የሚወጣው ሁሉ በዛሬ ዋጋ ተቀናንሶ የሚቀረውን፣ እመኚ።

ምልክቱን አትርሺ። የሚወጣው ኔጌቲቭ፣ የሚገባው ፖዘቲቭ። ብድር ተቀብሎ የሚከፍል ሰው ሁለቱም ፖዘቲቭ ሊሆኑለት አይችሉም። ወለድ ስትጠይቂ ኤረር 5 ካለሽ መጀመሪያ የምታዪው ምልክቶቹን ነው።

ስታቲስቲክስ ላይ ሁለት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ማለትም ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚለካ፣ ያሳይሻል። 10፣ 12፣ 14፣ 16፣ 18ን ብታስገቢ አማካዩ 14 ነው። ኤስ ኤክስ 3.16 ይልሻል፣ ሲግማ ኤክስ ደግሞ 2.83። አንደኛው ለናሙና፣ ሁለተኛው ሁሉንም ቆጥረሽ ከጨረስሽ ነው። ከ200 ደንበኛ 5ቱን አይተሽ ከሆነ ኤስ ኤክስን ውሰጂ።

ባትሪው ሲአር 2032 የሚባለው ክብ ነው። አንድ ትርፍ በሶክስሽ ውስጥ ጠቅልዬዋለሁ፣ እንዳትጥዪው። ባትሪ ሲወጣ ያስተካከልሽው ሁሉ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ስለዚህ ከቀየርሽ በኋላ ፒ ዋይን እንደገና እዪ። እናትሽን በየማታው ደውዪላት፤ ለኔ ካልመቸሽ ግድ የለም። ምሳ አትዝለዪ። ስትደክሚ ቁጥር አትስጪ፤ "ነገ ላረጋግጥልዎት" ማለት ነውር አይደለም።

ደንበኛ ፊት ስታሰዪ ስክሪኑን ወደሱ አዙሪለት። ፍላት ከሆነ ፍላት ነው በዪው፤ እውነተኛውንም ወለድ አስልተሽ አሳዪው። ይህን ስታደርጊ ካልወደዱልሽ ለእኔ ንገሪኝ። አላዝንብሽም።

እልኸኛ እንደሆንሽ አውቃለሁ፤ ከእኔ ነው የወረስሽው። "አውቀዋለሁ አባዬ" ልትዪ ነው። ታውቂዋለሽ። እኔም አውቀው ነበር። የጎዳኝ አለማወቅ አይደለም፣ መቸኮል ነው። ሴትየዋን አጥተሻታል፤ አድራሻዋ ካለ ግን ደውዪላትና ትክክለኛውን ንገሪያት። አፍረሽ አትቅሪ። እኔ ያን ሰው ሄጄ አንድ ጥያቄ እንኳን ሳልጠይቀው ነው 60ውን ወር የከፈልኩት።

እናትሽ ሻንጣውን ልትዘጋው ነው፤ ላብቃ።

አሁን ካልኩሌተሩን አብሪው። ባትሪውን አታውጪው ያልኩሽ ለዚህ ነው። የተቀመጠውን ቁጥር የምትጠራውን አርሲኤል የምትለዋን ቁልፍ፣ ቀጥሎ ኤፍቪን ተጫኚ። 40,000.00 ይልሻል። ትናንት ማታ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አንዴ እዪው። ከዚያ 2ኛ፣ ኤፍቪ። እንደገና ጥሪው። ዜሮ ሲልሽ ደውዪልኝ።

አባትሽ