የኦትን ትግል ልንጀምር ነው

ሰላም ውድ አባላት፣

ከሚቀጥለው ልምምድ ጀምሮ ወደ ኦት ትምህርት እንገባለን። ኦት በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኦስትሪያ መሳፍንት የትግል መምህር ነበር። ትምህርቱ እየተገለበጠ በተለያዩ የብራናና የወረቀት ጽሑፎች ደርሶናል።

ነገሩ ሁሉ በሦስት ይቆማል፦ ጥበብ፣ ፍጥነት፣ ጉልበት። የገጠማችሁ ሰው ከእናንተ ከደከመ ቀድማችሁ ግቡ፤ ፍጥነት ላይ አተኩሩ። እኩያችሁ ከሆነ እኩል ግቡ፤ ሚዛናችሁን ጠብቁ። ከበረታባችሁ ግን ጠብቁት። መጀመሪያ እሱ ይምጣ፣ ያኔ ጥበብ ይሠራል። እኔ አብልጬ የምወደው ይህን ሦስተኛውን ነው። ቀጠን ያላችሁ በተለይ ልብ በሉት!

መጀመሪያ የምንሠራው እንዲህ ነው። ክንድ ለክንድ ተያያዙ፣ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉ። ሲገፋችሁ መልሳችሁ አትግፉ። ወደ ጎን ወጣ በሉና እግራችሁን ከእግሩ ኋላ ትከሉ፤ ከዚያ ደረቱን በእግራችሁ ላይ ወደ ኋላ ግፉት። ክንዱን እንዳትለቁ፤ አወዳደቁን የምትቆጣጠሩት በእሱ ነው።

ጀርመናዊው የትግል መምህር ፋቢያን ፎን አወርስቫልድ በ1539 ቪተንበርግ ላይ ያሳተመው የትግል መጽሐፍ ሥዕሎች አሉት። ካገኛችሁት በሥዕሎቹ ላይ የታጋዮቹን እጅ ተዉትና የእግራቸውን አቀማመጥ ብቻ እዩ።

አንድ አደራ አለኝ። ከጥንቶቹ ስልቶች አንዳንዶቹ ክንድና ጣት ለመስበር የታሰቡ ናቸው። እነዚህን በዝግታ ብቻ እንሠራለን፤ ጓደኛችሁ «በቃኝ» ለማለት መታ መታ ሲያደርጋችሁ ወዲያው ልቀቁ። አወዳደቅ ያልተለማመደ ሰው አይጣልም፤ በዚህ ድርድር የለም። ቀለበትና ሰዓት አውልቃችሁ፣ ጥፍራችሁን ቆርጣችሁ ኑ።