ስምሽን በየትኛው ፊደል ነው የምትጽፊው?

ይድረስ ለልጄ ለሕሊና፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ሐዋሳስ ተስማማሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መብራት ጠፍቶ የምሠራበት የሕክምና ላይብረሪ ውስጥ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብያለሁ። ተማሪዎቹ በስልካቸው መብራት ያነባሉ። ከውጭ የቸርችል ጎዳና መኪና ይጮሃል። ሥራ ሲፈታ ብዕር አነሳሁ።

እሑድ ስለ ላይብረሪ ሥራ በስልክ ያልሽኝ ከሆዴ አልወጣም። «ይሄን ሁሉ ኢንፎርማቲክስ ተምሬ የሐኪም መጽሐፍ ልጠብቅ?» አልሽ። ሳቅሁልሽ እንጂ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። ያሳደገሽ እኮ እሱ ጥበቃ ነው።

እኔ ስቀጠር ኮምፒውተር ብርቅ ነበር። ኢንዴክስ ሜዲከስ የሚባል፣ የዓለም የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ ነበረን። በ1879 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው፤ መታተም ያቆመው በ2004 ነው። ሐኪም ይጠይቀኛል፣ እኔ በጣቴ መስመር በመስመር እወርዳለሁ። አቧራው ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ከዚያ ያው ማውጫ በሲዲ መጣ፤ ሜድላይን። ተአምር ነበር። እኔም የመጀመሪያውን ትልቅ ስህተቴን የሠራሁት በሱ ነው። አንድ ሐኪም ከወሊድ በኋላ ስለሚከሰት የደም መፍሰስ የተጻፈ ፈልጊልኝ አለኝ። ትምህርት ቤት እንዳስተማሩን የደም መፍሰሱን ቃል በእንግሊዞች አጻጻፍ መታሁት። ጥቂት ነገር ወጣ። አትሜ ሰጠሁትና «ብዙም አልተጻፈበትም» አልኩት፣ ኮራ ብዬ። ለካ አሜሪካኖቹ ከቃሉ መሐል አንዲት ፊደል ያወጣሉ። በነሱ አጻጻፍ የተጻፈው ሁሉ ቀርቷል። ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ? የጠየቅሁትን ነው የሰጠኝ። እኛ ራሳችን «ፀሐይ»ን በስንት ዓይነት እንደምንጽፋት አስቢው። ሰው ሁሉንም አንድ ቃል ብሎ ያነባል፤ ማሽኑ ግን በየፊደሉ ለየብቻ ያያቸዋል።

ለዚህ መላ አለው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ላይብረሪ ከ1960 ጀምሮ ሜሽ የሚባል የቃላት ዝርዝር ያወጣል። አንድ በሽታ ደራሲው በምንም ስም ይጥራው፣ በአንድ ርዕስ ሥር ይገባል። በ1996 የተጀመረው የኢንተርኔቱ የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ፣ ፐብሜድም በሱ ነው የሚሠራው፤ ስትጽፊበት አንዳንዱን ቃል ራሱ ይተረጉምልሻል። ግን ሁሉንም አይደለም። ከቀዩ አፈር የሚመጣውን የእግር እብጠት ውሰጂ፤ ባዶ እግሩን የሚያርስ ገበሬ የሚይዘውን። ዛሬ ፖዶኮኒዮሲስ ነው ስሙ። ያወጣለት እኛ አገር የሠራው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ከሱ በፊት የተጻፈው ግን «ሞሲ ፉት» ይላል፤ ሌላው ደግሞ የዝሆኔ ዓይነት አድርጎ ይጠራዋል። አዲሱን ስም ብቻ የጻፈ ተማሪ አሮጌውን ሁሉ ሳያይ ይሄዳል። ይሄን የሚያውቅለት ሰው ነው ላይብረሪያን የሚባለው።

ሥልጠና ስሰጥ ሦስት የፍለጋ ቃላት አስተምራለሁ፤ አንድ፣ ኦር፣ ኖት። የመጀመሪያዋ ላይ ሁልጊዜ ይስቃሉ። የእንግሊዝኛው «አንድ» ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ የያዘውን ብቻ ያመጣል፣ ስለዚህ ውጤቱ ያንሳል። ኦር አንዱም ይበቃኛል ስለሚል ይበዛል። ኖት ደግሞ የማትፈልጊውን ቃል የያዘውን ያስቀራል። በአማርኛ ሲሆን እንዴት ደስ ብሎ እንደሚገባቸው ብታይ!

ሙሉውን ጽሑፍ ማግኘት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ርዕሱን እናያለን፣ ጆርናሉ በዶላር ነው። በ2002 የዓለም ጤና ድርጅት ከትልልቅ አሳታሚዎች ጋር ሂናሪን፣ ጆርናሎቹን አቅም ለሌላቸው አገሮች የሚከፍተውን ፕሮግራም ሲጀምር ተነፈስን። እንደ ኢትዮጵያ ያሉ አገሮች በነፃ ነው የሚገቡት። አንቺም ላይብረሪ ሥራ ስትጀምሪ መጀመሪያ ፓስወርዱ ማን ጋ እንዳለ ጠይቂ። ብዙ ቦታ አንድ ሰው ኪሱ ውስጥ ይዞት ዓመት ፈቃድ ይወጣል።

አሁን ደግሞ ቻትቦት መጣ። ባለፈው ወር አንድ ሬዚደንት፣ ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም፣ ቻትቦቱ የሰጠውን የ12 ጽሑፎች ዝርዝር ይዞ መጣ፣ «እነዚህን አውጪልኝ» ብሎ። ጆርናሎቹ ያሉ ናቸው። ዓመቱ አለ፣ ገጹ አለ፣ ሁሉም አምሮ ተቀምጧል። 5ቱ ግን የትም የሉም። ፐብሜድ ገባሁ፣ የጆርናሉን ማውጫ ከፈትኩ፣ ዲኦአይ የሚባለውን የጽሑፉን መለያ ቁጥር መታሁ። የለም። ልጁ ደነገጠ፤ ሊያታልል አልነበረም፣ አምኖ ነው። ሻይ ጋበዝኩትና ቀሪዎቹን 7ቱን አብረን አነበብን። ካሉት ውስጥ አንዱ ልጁ ራሱ ከጻፈው ጋር ተቃራኒ ነበር የሚናገረው! ቻትቦቱን አልጠላውም። እኔም ስለ በሽታ ሌሎች ስሞች እጠይቀዋለሁ፣ ጥሩ ይነግረኛል። ከዚያ ሄጄ አረጋግጣለሁ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ከመምህርሽ ጋር ጽሑፍ ልታወጪ ነው ብለሽኛል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የአባት ስም ነው ያለን። ፐብሜድ ላይ ግን የመጨረሻው ስም ወደ ፊት ይመጣና የራስሽ ስም አንድ ፊደል ሆኖ ይቀራል። አበበ በቀለም፣ አልማዝ በቀለም፣ አስቴር በቀለም «በቀለ ኤ» (Bekele A) ናቸው። አንዱ ሐኪም ራሱ አንዴ በአባቱ አንዴ በአያቱ ስም ይወጣና ሁለት ሰው ይሆናል። የእድሜ ልክ ሥራቸው ተበትኖባቸው እኔ ጋ መጥተው የለቀምኩላቸው ስንት አሉ!

ባንቺ ላይ ደግሞ እኔ አጥፍቻለሁ። ትምህርት ቤት ሳስመዘግብሽ ስምሽን በእንግሊዝኛው «አይ» (Hilina) ጻፍኩት። ፓስፖርት ሳወጣልሽ በ«ኢ» (Helina)። ዲግሪሽ ሌላ፣ ፓስፖርትሽ ሌላ። ስንት ቢሮ እንዳመላለሰሽ አውቃለሁ፤ ይቅር በይኝ። ለዚህ ነው ጽሑፉ ከመላኩ በፊት ኦርኪድ ክፈቺ የምልሽ። ከ2012 ጀምሮ ያለ፣ ለጽሑፍ ደራሲ የሚሰጥ ባለ16 አሃዝ መለያ ነው፣ በነፃ ነው፣ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ስምሽ እንዴትም ቢጻፍ ቁጥሩ አይለወጥም።

መብራት መጣ፤ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ሽሮውን ነገ በአውቶብስ እልካለሁ። በ«አይ» ነው በ«ኢ» የመረጥሽው? እሱን ጻፊልኝ።

እናትሽ